የማይከፈቱ መስኮቶች

ቀትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አዳዲስ የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለ አዳራሽ ባለጉዳዮች ተራ ይጠብቃሉ። ወንበሩ ሞልቷል፤ ወንበር ያላገኘው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ኤሲው ያለማቋረጥ ይነፍሳል፣ ክፍሉም ቀዝቀዝ ብሏል። ግን አንዱ ያዛጋል፣ ሌላው ግንባሩን ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል፣ የምታስተናግደው ሠራተኛ ደግሞ ከረፋዱ ጀምሮ ራሷን እንዳመማት ለጓደኛዋ ትነግራታለች። ደጅ ላይ ነፋሱ የመንገዱን ዛፎች ያወዛውዛል። ከዚያ ነፋስ ወደ አዳራሹ የሚገባ የለም፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የተለበጠው መስታወት አንድም የሚከፈት ክፍል አልተተወለትም።

ብዙ ሰው ኤሲ ሲበራ ክፍሉ ንጹሕ አየር ያገኘ ይመስለዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ግን ከውጭ ምንም አያስገባም። የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ እዚያው ይለቀዋል። ደጅ የተሰቀለው ሳጥን ሙቀቱን ያስወጣል እንጂ አየር አይስብም፤ ሁለቱን በሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚመላለሰውም የማቀዝቀዣው ጋዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሃምሳ ሰው የተነፈሰውን ሃምሳው ሰው መልሶ ይስበዋል። ቀዝቅዞ ስለሚመጣ ብቻ አዲስ ይመስላል።

ይህን በዓይን ማየት ባይቻልም መለካት ይቻላል። የደጁ አየር ከሚሊዮን እጁ 420 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሰው ሞልቶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ቁጥሩ ከ1,000 ለማለፍ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቁጥሩ የሚፈለገው ጋዙ በዚህ መጠን መርዝ ስለሆነ ሳይሆን፣ የምንስበው አየር ምን ያህሉ ከሌላ ሰው ሳንባ እንደወጣ ስለሚናገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታል ላልሆኑ ክፍሎች የሰጠው ምክር፣ ለእያንዳንዱ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲደርሰው ነው። ከላይ ያለው አዳራሽ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ከሚሾልከው በቀር ምንም አያገኝም።

ውጤቱ ከራስ ምታት አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 በቻይናዋ ጓንግዡ በአንድ ምግብ ቤት ጎን ለጎን ምሳ የበሉ የሦስት ቤተሰብ አባላት፣ ባጠቃላይ 10 ሰዎች፣ በኮሮና ቫይረስ ተያዙ። ሕንፃው መስኮት አልነበረውም። አንድ ኤሲ ከሦስቱ ጠረጴዛዎች በላይ ያንኑ አየር ሲያሽከረክር ቆይቷል። በዚያው ፎቅ ራቅ ብለው ከተቀመጡት ተመጋቢዎችም ሆነ ከአስተናጋጆቹ የታመመ አልተገኘም።

ለኢትዮጵያ ደግሞ ከኮሮና ይልቅ ቲቢ ይቀርባል። አገሪቱ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከለያቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ባክቴሪያው በሳልና በንግግር ወጥቶ አየር ላይ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ ይችላል። በዚህ ረገድ አዲስ አበቤ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጥናት አለ። ሮድ ኤስኮምብና ባልደረቦቹ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ በስምንት ሆስፒታሎች ክፍሎች ውስጥ አየሩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ትልልቅ የሆኑት አሮጌ ክፍሎች፣ መስኮትና በራቸው ሲከፈት አየራቸው በሰዓት 40 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር። በ1970ዎቹና በኋላ የተሠሩት አዳዲሶቹ 17 ላይ ቀሩ። ተላላፊ ቲቢ ካለበት ሰው ጋር 24 ሰዓት የሚቆይ ሰው የመያዝ ዕድሉ በአሮጌዎቹ 11 በመቶ፣ በአዳዲሶቹ 33 በመቶ፣ አየር በማሽን በሚገባላቸው ክፍሎች ደግሞ 39 በመቶ እንደሚሆን አሰሉ። በውድ ዋጋ የተተከለው ማሽን በተከፈተ መስኮት ተበለጠ።

የቀድሞ አናጺዎችና ሐኪሞች ይህን ያለ መለኪያ ያውቁት ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ ነርስነት በጻፈችው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሰጠችው ለክፍል አየር ነው። በአዲስ አበባም አሮጌ ቤቶች ውስጥ የገባ ሰው ከፍ ያለውን ጣሪያ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን መስኮቶች፣ ከበሩ በላይ የተተወችውን ትንሽ መክፈቻ ያስታውሳል። ያቺ መክፈቻ ለጌጥ አልተሠራችም። የሞቀው አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫ እንዲያገኝ ነው።

ቁጭት የሚያሳድረው ደግሞ የከተማዋ የአየር ጠባይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመቱ አብዛኛው ቀን ሙቀቷም ቅዝቃዜዋም መካከለኛ የሆነ ከተማ ናት። ለሰመራ ወይም ለጋምቤላ ኤሲ የግድ ነው። ለአዲስ አበባ ግን ሁለት የሚተያዩ መስኮቶችና የፀሐይ መከላከያ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። ሕንፃውን ፀሐይ በሚያስገባ መስታወት አልብሶ፣ መስኮት ነፍጎ፣ ከዚያ ራሱ የፈጠረውን ሙቀት ለማብረድ በውጭ ምንዛሪ ኤሲ መግዛት ጉዳት ነው፤ ለጤናም፣ ለመብራት ክፍያም፣ ለአገርም።

አንዳንድ ትልልቅ ሕንፃዎች ከውጭ አየር ስቦ በዳክት (በሰፊ የአየር ቦይ) የሚያከፋፍል ሥርዓት አላቸው። ይህ የተሻለ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ። የመጀመሪያው ጥያቄ አየሩን የሚስበው ከየት ነው የሚለው ነው። በአዲስ አበባ መብራት ስለሚጠፋ ብዙ ሕንፃ ጄኔሬተር አለው። የአየር መሳቢያው አፍ ከጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ፣ ከመኪና ማቆሚያው መውጫ፣ ከሽንት ቤቱ ወይም ከወጥ ቤቱ አየር ማስወጫ አጠገብ ከተሠራ፣ ሥርዓቱ የናፍጣ ጭስ እየሳበ ለአሥር ፎቅ ያድላል። የርግብ ጎጆ አጠገቡ ካለም ያው ነው፤ የርግብ ኩስ ሳንባ የሚያጠቁ ፈንገሶች ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ውሃ ነው። ጉዳዩን የሚያውቁ ቴክኒሻኖች አቧራን ከመፍራት በላይ እርጥበትን ይፈራሉ፤ ትክክልም ናቸው። ደረቅ አቧራ ብቻውን አይሻግትም። ኤሲ ግን አየር ሲያቀዘቅዝ ውሃ ያወጣል፤ ውሃው ከሥር ባለው ሳህን ተጠራቅሞ በቀጭን ቱቦ መፍሰስ አለበት። ቱቦው ከተደፈነ ወይም ሳህኑ ያለ ዝንባሌ ከተገጠመ ውሃው ይቆማል፤ አቧራው ያንጊዜ ለሻጋታ ምግብ ይሆናል። ማሽኑ ሲነሳ የሚመጣው እንደ እርጥብ ጆንያ ያለ ሽታ የዚህ ምልክት ነው። ሽታውን በሽቶ መሸፈን ምንም አይፈይድም፤ ሳህኑ ይታጠብ፣ ቱቦው ይከፈት፣ ፊልተሩ ይለወጥ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የግንባታው ወቅት ነው። ዳክቱ ሲዘረጋ አፉ በላስቲክ ካልታሸገ የሲሚንቶውና የጂፕሰሙ ብናኝ ገብቶ ይተኛና፣ ሕንፃው በተመረቀ ማግስት ሥራ ይጀምራል።

ውሃና አየር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ዓለም የተማረው በፊላደልፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1976 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አባላት በቤልቪው ስትራትፎርድ ሆቴል ተሰብስበው ነበር። ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ትኩሳትና የሳንባ ምች ያጣድፋቸው ጀመር። በአጠቃላይ 34 ሰዎች ሞቱ። ለወራት መንስኤው ጠፋ፤ ሆቴሉም እንግዳ ሸሽቶት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተዘጋ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተመራማሪው ጆሴፍ ማክዴድ፣ በዲሴምበር መጨረሻ፣ ሌላው ሰው በዓል ላይ ሳለ፣ አስቀድሞ አይቶ ወዳለፋቸው ስላይዶች ተመልሶ ባክቴሪያውን አገኘው። ስሙም ከሟቾቹ ማኅበር ተወስዶ ሌጂዮኔላ ተባለ። ጥርጣሬው የወደቀው በሆቴሉ የማቀዝቀዣ ሥርዓት ላይ ነው።

ሌጂዮኔላ ለብ ያለና የቆመ ውሃ ይወዳል፤ ሰውን የሚይዘውም ውሃው እንደ ጉም በትንንሽ ጠብታ ሲበተንና ሲሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኒውዮርክ ሳውዝ ብሮንክስ በአንድ ሆቴል ሰገነት ላይ ካለ የውሃ ማቀዝቀዣ ማማ ተነሥቶ 138 ሰዎችን አሳመመ፤ 16ቱ ሞቱ። ከተማዋ በዚያው ኦገስት ሕግ አወጣች፤ እያንዳንዱ ማማ እንዲመዘገብ፣ በሥራ ላይ ሳለም ቢያንስ በየ90 ቀኑ እንዲመረመር አስገደደች። ሕጉ የወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ማማ ያለው ሕንፃ ብዙ አይደለም። ሮቶ የሌለው ሕንፃ ማግኘት ግን ይከብዳል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሰገነት ላይ ይጠራቀማል፣ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ማሞቂያውም ለመብራት ቁጠባ ሲባል ለብ አድርጎ ይተወዋል። ባለሙያዎች የሚመክሩት የሞቀ ውሃ ቢያንስ በ60 ዲግሪ እንዲጠራቀም፣ ቀዝቃዛው እንዳይሞቅ ተከልሎ እንዲቀመጥ፣ ሳይያዝ የቆየ የሆቴል ክፍል ሻወርም እንግዳ ከመግባቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ እንዲፈስ ነው።

እዚህ ላይ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርዶች አንዱ፣ 11ኛው፣ ሙሉ በሙሉ ስለ ሕንፃ አየር ዝውውር ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የፈጠረው የሕንፃ ሹምም ፕላን የማጽደቅና የመጠቀሚያ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ይዟል። ሹሙ ምሰሶውን፣ የእሳት መውጫውን፣ የመኪና ማቆሚያውን እንደሚጠይቅ ሁሉ ሦስት ነገሮችንም ይጠይቅ፦ ሰው የሚውልበት ክፍል ሁሉ የሚከፈት መስኮት አለው? ከሌለው ስንት ሊትር የውጭ አየር ይገባለታል፣ ማንስ ለካው? የአየር መሳቢያው አፍ ከጄኔሬተሩ ምን ያህል ይርቃል? ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላም ፊልተሩ የተለወጠበትና ሳህኑ የታጠበበት ቀን የሰፈረበት መዝገብ ተከራይ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ሊፍት ውስጥ የጥገና ቀን ይለጠፋል፤ አየር ከሊፍት አያንስም።

ቀድሞ የተሠሩትም ተስፋ አይቆረጥባቸውም። አሉሚኒየም የሚሠሩ ወርክሾፖች ከተገጠመው መስታወት መካከል አንዱን ቆርጠው የሚከፈት ማድረግ አያቅታቸውም። በተቃራኒው ግድግዳ ላይ አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ቢጨመር፣ ያ አዳራሽ በጥቂት ቀን ሥራ ሌላ ክፍል ይሆናል።

ከባዱ ልማድ ነው። ብርድ ይመታናል የሚለው ፍራቻ ከትልቅ ሰው ወደ ልጅ የተላለፈ፣ ከእንክብካቤ የመነጨ ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ግን ዋጋ አስከፍሏል። በየክረምቱ ከሰል አቀጣጥለው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የመቅረታቸው ዜና ይሰማል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ጠዋት አሥራ አምስት ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ መስታወቱ በትንፋሽ ደብዝዟል፣ ከኋላ አንድ ሰው ደጋግሞ ያስላል። አንዲት ወጣት ከጎኗ ያለውን መስኮት ትንሽ ስትስብ ከፊቷ ያሉት እናት ዘወር ይላሉ፣ "ልጄ፣ ዝጊው፣ ብርዱ ነው" ይሏታል። ልጅቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እንዲስቡ ትረዳቸዋለች፤ "እማማ፣ አራት ጣት ብቻ ትከፈት፤ ሰውየው እያሳለ ነው" ትላቸዋለች። እርሳቸውም ወደ ኋላ ዞር ብለው ያዩታል፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ መስኮቷም እስከ ሜክሲኮ አደባባይ አራት ጣት እንደተከፈተች ትሄዳለች።