ባዶው ናሙና ስንት አለ?

«በዋልታ በረዶ ውስጥ መርዛማ ኬሚካል ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ይመጣል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ተርጉሜ ለጥፌያለሁ። ስንት ተገኘ? እንዴት ተለካ? አልጠየቅኩም።

እዚያ የሚለካው ብዙ ጊዜ በናኖግራም በሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። 1 ናኖግራም በሊትር ማለት 1 ግራም ኬሚካል በ400 የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳ ውሃ ውስጥ ሲበተን ማለት ነው። በዚህ መጠን ዋናው በካይ ለኪው ራሱ ሊሆን ይችላል። ውሃ የማያስገባው ጃኬቱ፣ ፊቱን የተቀባው የፀሐይ መከላከያ፣ የሞተሩ ጭስ፣ የላብራቶሪው አየር፣ ሁሉም ናሙናው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለዚህ ነው ከጣቢያው ርቀው፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል የሚቆፍሩት። ንጹሕ ውሃ የያዘ ዕቃም ይዘው ይሄዳሉ። ከበረዶው ጋር እኩል ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይጓጓዛል፣ ይመረመራል። ባዶው ናሙና እሱ ነው። የሁለቱ ውጤት ከተቀራረበ የተለካው ጃኬቱ እንጂ በረዶው አይደለም።

«ለዚህች ኢምንት ነገር ያን ሁሉ ገንዘብ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄውን አልንቀውም። ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዲዲቲ መጀመሪያ በአንታርክቲካ ፔንግዊኖች ሰውነት፣ በ1969 ደግሞ በበረዶው ውስጥ መገኘቱ ሲታተም አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። እዚያ እርሻ የለም፣ ወባም የለም። ኬሚካሉ ሞቃት አገር ላይ ተንኖ፣ በነፋስ ተጉዞ፣ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት አዲስ ኬሚካል ሲታገድ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ከምንጩ ርቆ ተለክቷል ወይ? በረዶው ምስክር ነው። ባዶ ናሙና የሌለው ልኬት ግን ጠበቃ በአንድ ጥያቄ የሚጥለው ምስክር ነው።

እኛም ከነገሩ ውጭ አይደለንም። ወባማ ቆላ ያደገ ሰው ቤቱ ዲዲቲ ሲረጭ ያስታውሳል። ስምምነቱም ለወባ መከላከያ በልዩ ሁኔታ ፈቅዶታል፤ ልክ አድርጓል እላለሁ። በወባ የሚሞት ሕፃን ፊት ስለ ፔንግዊን መከራከር ከባድ ነው።

በሌላው ጫፍ ግን ሌላ ሕፃን አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ ኩቤክ ተመራማሪዎች የእናት ጡት ወተት ሲመረምሩ፣ በሰሜን ጫፍ የሚኖሩት የኢኑይት እናቶች ወተት ውስጥ ያለው ፒሲቢ የተባለው የኢንዱስትሪ ኬሚካል ከደቡቦቹ 5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ፋብሪካ አጠገባቸው አልነበረም። ኬሚካሉ ከአየርና ከባሕር ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ አቆስጣና ዓሣ ነባሪ ስብ እየተከማቸ ነው ማዕዳቸው ላይ የደረሰው። ጤና ባለሙያዎች ማጥባቱን ቀጥሉ አሏቸው፤ የወተቱ ጥቅም ይበልጣልና። ያን ምክር ለመስጠት «ተገኘ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም ነበር። ስንት እንደሆነ ማወቅ ነበረባቸው።

ያንን የድሮ ልጥፌን ትናንት ከፍቼ አየሁት። አንድም ቁጥር የለውም። 214 ሰው አጋርቶታል።