ውሻዎ ሰው ቢነክስ ተጠያቂው ማን ነው?

በከተሞቻችን በብዙ ግቢዎች በር ላይ «ከውሻ ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ውሻው ግን በሩ ገርበብ ሲል ሾልኮ ወጥቶ መንገደኛ ወይም ተማሪ ሊነክስ ይችላል። ባለቤቱም «ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ አያውቅም»፣ «አምልጦኝ ነው» ይላል። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ምክንያት በሕግ ፊት አያድንም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ያመለጠ ወይም ጉዳቱ ያልተጠበቀ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ የታሰረ ውሻ ተንኩሶ ከሆነ፣ ካሣው ሊቀንስ ይችላል። የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ካሣ ግን ሕይወት አይመልስም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሳይዘገዩ ከታከሙ ግን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ ከተነከሱ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። ጭረቱ ትንሽ ነው ብለው ሳይንቁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የታዘዘልዎትን ክትባት አያቋርጡ። የሕክምና ማስረጃውንና ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ ካሣ ሲጠይቁ ያስፈልጉዎታል። ልጆችም ውሻ ሲነክሳቸው ወይም ሲቧጭራቸው ቁጣ ፈርተው እንዳይደብቁ አስቀድመው ይንገሯቸው።

የውሻው ባለቤት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ፣ ሽማግሌ ከመላክዎ በፊት እውነቱን ይናገሩ። ውሻው የተከተበበትን ቀን ይግለጹ፤ የክትባት ወረቀቱንም ያሳዩ። ካልተከተበም አይደብቁ፤ ሐኪሙ ለሚሰጠው ውሳኔ ይህ መረጃ ያስፈልገዋል። ብዙዎች በድንጋጤ ውሻውን ገድለው ይጥላሉ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ያሸሻሉ። ይህ ስህተት ነው። ውሻው ታስሮ ለ10 ቀን በእንስሳት ሐኪም ክትትል ሥር መቆየት አለበት። እነዚህን ቀናት በጤና ካለፈ፣ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ተጎጂው ግን ውጤቱን ልጠብቅ ብሎ ሕክምናውን ማዘግየት የለበትም።

ውሻዎን በወቅቱ ያስከትቡ፤ በርዎንም ይዝጉ። ይህ ለቤተሰብዎም ለጎረቤትዎም ከካሣና ከፍርድ ቤት ደጅ ጥናት በእጅጉ ይቀላል።