ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የመጀመሪያው ቀን



ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ደግፎ በጠራራ ፀሐይ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ አያፍርም። ትኩሳት የያዘውን ሕፃን አቅፋ የምትሮጥ እናትንም ጎረቤት “አላህ ዓፊያ ያድርግልሽ” ብሎ ይሸኛታል እንጂ አይጠቋቆምባትም። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከሰው የሸሸ፣ ምክንያቱን ሳያውቅ የሚያለቅስ ልጅ በቤት ውስጥ ሲኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሩ ይዘጋል፤ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ “ምን ሆንክ?” ከሚለው ጥያቄ “ሰው እንዳይሰማ!” የሚለው ማስጠንቀቂያ ይቀድማል። ብዙ ወጣቶቻችንን ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ከመሄድ የሚያግዳቸውም ይኸው ፍርሃት ነው። የተናገርኩት ሰፈር ይደርስ ይሆን? እብድ ተብዬ እቀር ይሆን? በዚህ ወር ዐምዳችን ከዚያ በር በስተጀርባ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚደረግ እንመለከታለን።

አስቀድመን ሁለት ሙያዎችን እንለይ። ሳይካትሪስት የሚባለው የአእምሮ ሐኪም ሕክምና የተማረና መድኃኒት የሚያዝ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን በአብዛኛው መድኃኒት አያዝም፤ መሣሪያው ንግግር ነው። ሁለቱ እየተላላኩ ይሠራሉ። የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር እንኳ ድብርት መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ባለሙያ አስፈላጊ ሲሆን በቅድሚያ ወደ ሐኪም ይልካል።

ወደ መጀመሪያው ቀን እንግባ። ባለሙያው ማንነቱንና ሙያውን፣ ክፍያውንና የቆይታውን ጊዜ ይናገራል። ቆይታው ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ቀጥሎ ስለ ምሥጢር ያነሣል። በዚያ ክፍል የተነገረ ነገር አማና ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይወጣም። ይሁን እንጂ ወሰን አለው። ሰውየው ራሱን ለማጥፋት ወይም ሌላውን ለመጉዳት መቃረቡ ሲታወቅ፣ በሕፃን ላይ በደል ሲፈጸም፣ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ባለሙያው ለሚመለከተው ሊያሳውቅ ይችላል። ይህን ወሰን ገና ከጅምሩ በግልጽ የሚናገር ባለሙያ ሊታመን የሚገባው ነው።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ምን አስቸገረህ? ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ ትምህርትህ እንዴት ነው? ጫት ወይም ሲጋራ ትጠቀማለህ? እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ 9 ጥያቄዎች ያሉት የድብርት መጠይቅ አለ፤ በአማርኛም ተተርጉሟል። ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ተሰጥቶ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ነጥቡ ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ባለሙያው ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብም በቀጥታ ሊጠይቅ ይችላል። ወላጆች “ያላሰበውን እንዳያሳስበው” ብለው ይሰጋሉ። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይዘራ ነው፤ እንዲያውም ብቻውን የተሸከመውን ሸክም ለማውረድ በር ይከፍትለታል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው እንዲለወጥ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል የባለሙያውን ቅንነት፣ ሰውየውን ሳይፈርዱበት መቀበልንና ነገሩን በእርሱ ዓይን ማየትን ጠቅሷል። ሌላው ምሁር ኤድዋርድ ቦርዲን ደግሞ በ1979 ሁለቱ በግቡና በሚሠራው ሥራ ላይ እንዲስማሙና በመካከላቸው መተማመን እንዲኖር ያስፈልጋል አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ዋና ሥራ መተማመንን መመሥረት ነው። በአንድ ቀን ፈውስ የሚጠብቅ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ በሐሳብና በድርጊት ላይ የሚያተኩረው የንግግር ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ወደ ቤተሰብ እንመለስ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪን እናቷና አጎቷ ይዘዋት ገቡ እንበል። ባለሙያዋ “ምን አስቸገረሽ?” ስትላት እናት “ማጥናት ትታለች” ትላለች፤ አጎት “ስልኩ ነው ያበላሻት” ይላል። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። ባለሙያዋ ሁለቱንም በጥሞና ሰምታ ውጭ እንዲጠብቁ በትሕትና ትጠይቃለች። ይህን እንደ ንቀት የሚቆጥሩ ወላጆች አሉ፤ ንቀት ግን አይደለም። ምናልባት ልጅቷን እንቅልፍ የነሣት በትምህርት ቤት መንገድ ላይ የሚያስፈራራት ሰው ይሆናል፤ ይህን አጎቷ ፊት አትናገረውም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመመለሻው መንገድ ነው። ገና ከበሩ ሳይርቁ “ምን አለችሽ? ስለኛስ ምን ነገርሻት?” ይጀመራል። ያን ቀን ልጅቷ የምትማረው አንድ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት የምትናገረውን መምረጥ። ሕክምናው በዚያው ቆመ ማለት ነው። ወላጅ የልጁን ደኅንነት፣ አደጋ መኖር አለመኖሩንና የሕክምናውን አካሄድ ማወቅ ይገባዋል፤ ይህንንም ባለሙያዋን ልጅቷ ባለችበት መጠየቅ ይችላል። ቃሏ ግን የእርሷ ነው። አማናው የባለሙያዋ ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው የምንለው ለዚህ ነው።

“ይህ ከኢማን ድካም የመጣ ነው፤ ዱዓና ሩቅያ ይበቃዋል” የሚሉም አሉ። ዱዓና ሩቅያን ማንም አይከለክልም፤ ሕክምናም አይከለክላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ850 እስከ 934 የኖረው ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ መጽሐፉን ለአካልና ለነፍስ ጤና ከፍሎ ሲጽፍ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን እንደ ሕመም አይቶ መድኃኒታቸውን ፈልጓል። ምክንያቱ የታወቀ ሐዘንና ምክንያቱ ያልታወቀ ሐዘን ልዩ ልዩ መሆናቸውንም ለይቷል። የነፍስን ክፍል ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪ በ2013 በእንግሊዝኛ አሳትሞታል። እንግዲህ ነፍስን ማከም ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም። ብቻ “ሩቅያ ጀምሬያለሁ” ብሎ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

በመጨረሻም ተገልጋዩ መብት እንዳለው ይወቅ። እህት ሴት ባለሙያ፣ ወንድም ወንድ ባለሙያ መጠየቅ ይችላሉ፤ ካልተገኘም ኸልዋ እንዳይሆን በሩ ገርበብ እንዲል ወይም መሕረም በቅርብ እንዲቀመጥ ማነጋገር ይቻላል። የሶላት ሰዓት ከቀጠሮው እንዳይጋጭ መንገርም ነውር የለውም። ከባለሙያው ጋር ከጥቂት ቀጠሮ በኋላም ያልተግባባ ሌላ ቢፈልግ አያስወቅሰውም። ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ሰዓት ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይወስዱታል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን እስከ በሩ ሸኙ፤ ውጭ ጠብቁ፤ ሲወጣም “ምን አልክ?” ሳይሆን “ርቦሃል?” በሉት። መናገር ሲፈልግ ራሱ ይናገራል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ አላህ ዓፊያውን አያንሳን። ወሰላሙ ዐለይኩም።