የሴቶች ሐኪም ወረፋ በቀን ብቻ ሳይሆን በሕመም ክብደት ይታይ



በዚህ ዓምድ ስለ መንገድና ስለ ውሃ፤ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክሲ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ላመለክት የፈለግሁት ግን እናቶቻችንና እኅቶቻችን ለመናገር የሚያፍሩበትን፤ እኛም ወንዶቹ ሰምተን እንዳልሰማን የምናልፈውን ጉዳይ ነው። ይኸውም በመንግሥት ሆስፒታሎች የማሕፀን ሕክምና ለማግኘት ሴቶች የሚጠብቁት የወረፋ ነገር ነው።

ሥራዬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስለ ሆነ ወረፋ ማለት ምን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ወደ እኛ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ነገር ግን በመጣበት ቀን ተራ ብቻ ወደ ኃላፊው አይቀርብም። «አስቸኳይ» የሚል ምልክት ካለበት ትናንት የመጣውን ሁሉ አልፎ ዛሬውኑ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ለወረቀት እንዲህ ያለ ሥርዓት ካለን ለሰው ሕይወት ስለ ምን እናጣለታለን?

ታላቅ እኅቴ የወር አበባዋ ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ ደም ስለ ታያት ከጤና ጣቢያ ወረቀት ተጽፎላት ወደ አንድ ሆስፒታል ሄደች። የተሰጣት ቀጠሮ ከአምስት ወር በኋላ ነበር። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት እንዲህ ያለ ደም የካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት። ሆኖም መዝገቡ የሚያሳየው ስሟንና የመጣችበትን ቀን እንጂ ሕመሟን አልነበረም። ቀጠሮዋን ወደ ሁለት ሳምንት ያሳጠረላት የደሙ ነገር ሳይሆን ጎረቤቷ በዚያ የሚሠራ ሰው ማወቁ ነው። ጎረቤት የሌላት፤ ከሩቅ አገር መጥታ በሰው ቤት ያደረችውስ ሴት ምን ታድርግ?

ይህን ስል ሐኪሞችንና ነርሶችን መውቀሴ አይደለም። የማሕፀን ሐኪሞች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂቶች ናቸው። የኦፕራሲዮን ክፍሉም ቢሆን ምጥ ለጠናባት ሴት በማንኛውም ሰዓት መለቀቅ ስላለበት፤ በቀጠሮ የመጣችው ሴት ቀኗ ቢተላለፍባት የሚያስደንቅ አይደለም። ወረፋ መኖሩን ሁላችንም እንረዳለን። ቅሬታዬ ወረፋው ሊጠብቅ የሚችለውንና ሊጠብቅ የማይችለውን አንድ አድርጎ መያዙ ነው።

የማሕፀን ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማሕፀኗ የወረደባት ሴት ኦፕራሲዮኑን እስክታገኝ ድረስ ማሕፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ሊደረግላት ይችላል። በማሕፀን እጢ ምክንያት ብዙ ደም የሚፈሳት ደግሞ ደሟ እንዳያንስ የአይረን ኪኒን ተሰጥቷት ልትጠብቅ ትችል ይሆናል። የማሕፀን በር ካንሰር ግን ቀጠሮ አያከብርም። ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ነው። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ በመሆኑ፤ ሊድን ይችል የነበረ ሕመም ተራ ሲጠበቅ የማይድን እስኪሆን መድረሱን ያየ ብዙ ነው።

የሚያሳዝነው ይኸው በሽታ አስቀድሞ ሊያዝ የሚችል መሆኑ ነው። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለው የማሕፀን በር ቁስል ለዓመታት ዝግ ብሎ ስለሚያድግ፤ በሠለጠነ ነርስ በአሴቲክ አሲድ ተመርምሮ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ሊታከም ይችላል። ለልጃገረዶች የሚሰጠው መከላከያ ክትባትም በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ተጀምሯል። በጤና ጣቢያ የሚያልቀው ጉዳይ በጤና ጣቢያ ቢያልቅ የሆስፒታሉ ወረፋ በዚያው ልክ ይቀላል።

ለአንድ የሴቶች ሕመም ለብቻው ቦታ መስጠት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ ደግሞ ከአገራችን መውጣት አያስፈልግም። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን በ1951 ዓ.ም. መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲሠሩ የፌስቱላን ችግር ተመለከቱ። ኋላም ለእነዚሁ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ከሰው ተለይታ የምትኖረው ሴት በሌላ በሽተኛ አልጋ ላይ ተሻምታ ሳይሆን የራሷን በር አንኳኩታ መታከም ቻለች።

ስለዚህ የሚከተለውን ባለሥልጣኖች እንዲያስቡበት እለምናለሁ። አንደኛ፤ ከጤና ጣቢያ የሚጻፈው ወረቀት የሕመሙን አስቸኳይነት የሚያሳይ ምልክት ይኑረው፤ በሆስፒታሉም ልምድ ያላት አዋላጅ ነርስ ተቀብላ ትለየው። ሁለተኛ፤ እንድትጠብቅ የተነገራት ሴት ባዶ እጇን አትሂድ፤ እስከዚያ የሚረዳት ነገርና ምን ምልክት ካየች ሳትዘገይ መመለስ እንዳለባት ይነገራት። ሦስተኛ፤ ቀጠሮ ሲዛወር በስልክ አስቀድሞ ይነገራት። አራተኛ፤ ስንት ሴቶች እንደሚጠብቁና ከሁሉ የቆየችው ስንት ወር እንደ ጠበቀች በየወሩ በሆስፒታሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

«እንዲህ ከሆነ ሁሉም አስቸኳይ ነኝ ይላል» የሚል ይኖራል። በመሥሪያ ቤቶቻችንም ለሠርግ መጥሪያ ሳይቀር «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም የሚመታ እንዳለ አልክድም። ነገር ግን ምልክቱን የሚያደርገው ባለሙያው እንጂ ባለ ጉዳዩ ካልሆነ፤ መዝገቡም በየጊዜው ከተመረመረ ይህ ሊታረም የሚችል ነው። ለዚህ ሥራ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ መጨመርና ለእሱም መታመን ይበቃል።

የቀረው ደግሞ የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ድርሻ ነው። ስልክ አንሥቶ «እባክህ ለእኅቴ ቀጠሮ አስቀድምልኝ» ማለት ወንድምነት ይመስላል፤ ዳሩ ግን የአንዲቱ መቅደም የሌላይቱ መዘግየት ነው፤ ያችን ሌላይቱን ደግሞ አናያትም። እኛ በጓሮ በር እየገባን የፊተኛው በር እንዲስተካከል ብንጠይቅ ማን ይሰማናል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እነዚህ ሴቶች ግን እፍረታቸውን ችለው በሽታቸውን ተናግረዋል፤ ስማቸውንም አስመዝግበዋል። አሁን የሚቀረው መዝገቡ ሕመማቸውን እንዲያነብ ማድረግ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ