የመስኮት በኩል ወንበር

የዚህ ወር ጉዳያችን ትንሽ ይመስላል፤ በአውሮፕላን ስንሄድ አገር ለማየት በየትኛው በኩል እንቀመጥ? እኔ ግን ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ሆኜ ይህን አስቀድሜ ባለማሰቤ እናቴን በድያለሁ።

እናቴ ባሕር ዳር እህቴ ዘንድ ሳለች ሁለቱንም ዓይኖቿን የሞራ ግርዶሽ ስለያዛት በመስከረም ወር ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ወሰድኳት። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። የተወለደችው ጮቄ ተራራ ሥር ነውና «ልጄ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አገሬን ከላይ አሳየኝ» አለችኝ። እኔም ዓባይ ከጣና ወጥቶ በስተግራ እንደሚወርድ አስቤ የግራውን መስኮት ለመንኩላት። በረራው የጠዋት ነበር። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲበሩ የጠዋት ፀሐይ የምትመጣው በግራ ነው፤ ሞራ ያለበት ዓይን ደግሞ ብርሃን በቀጥታ ሲመታው ይባስ ይጭበረበራል። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና «ደረስን?» እያለች አዲስ አበባ ገባን።

ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ካርታ ዘረጋሁ። ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ በጮቄ በኩል ያልፋል፤ ደብረ ማርቆስ በቀኝ ትቀራለች፤ ቀጥሎ የዓባይ ሸለቆ ከሥር ይመጣል። አብራሪው እንደ አየሩ ሁኔታ መንገድ ሊለውጥ ይችላል እንጂ አቅጣጫው ይኸው ነው። ስለዚህ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ቀኙን፣ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ስትመለሱ ግራውን ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስለምትዞር ነገሩ ይገለበጣል። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስትሰጡ ከ1000 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ሸለቆ እርከን በእርከን ይታያል።

በአገር ውስጥ የሚበሩት ባለ ማራገቢያ አውሮፕላኖች ክንፋቸው ከላይ ስለሆነ አይጋርድም፤ የሚጋርደው መካከል ላይ ያለው ሞተር ነው። ስለዚህ ወይ ፊት ወይ ኋላ ይሻላል። በአደጋ ጊዜ መውጫው አጠገብ ያለው ወንበር ለአቅመ ደካማ ስለማይሰጥ ለአረጋውያን አትጠይቁ። ቀድማችሁ ድረሱና የመሳፈሪያ ካርዱ ሳይታተም ተናገሩ፤ እኛ ይሉኝታ ስለምንወድ የተሰጠንን ይዘን እንሄዳለን። በክረምትማ ከደመና በቀር ምንም ስለማይታይ መጨነቅ አያስፈልግም።

በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ዓይኗ ከተሠራ በኋላ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በጠዋት በረራ በግራ መስኮት አስቀመጥኳት። ሸለቆውን ስንሻገር አልተናገረችም። ከዚያ ወዲያ በአረንጓዴው መካከል ቢጫ ቢጫ ነገር ታየ። «አደይ አበባ ነው» አልኳት።

«አደይ አይደለም፤ ወሰን ያለው ማሳ ነው እኮ፣ ኑግ ነው» አለችኝ፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ።