ማኪያቶ የገዛው ምስክር

የንግድ ምክር በነፃ የሚታደልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ካፌ ልትከፍት ነው? ቁርስ ቤት? ፀጉር ቤት? ምክሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ «ደንበኛህን ቼክ ኢን አስደርገው»። ላልደረሰበት ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ስልኩን ያወጣል፤ በፌስቡክ ወይም በኢንስታግራም «እዚህ ቤት ነኝ» ብሎ የቤቱን ስምና ቦታ ከፎቶ ጋር ይለጥፋል። ለዚህ ውለታው ከሂሳቡ ላይ ይቀነስለታል፤ ወይም ማኪያቶው በነፃ ይሆንለታል። ሁለት ሦስት የሙገሳ ቃል ከጨመረበትማ ኬክም አይጠፋም። በዚህ ዘዴ፣ ይላሉ መካሪዎቻችን፣ የጉብሬ ቁርስ ቤት እንኳ «ብራንድ» ይሆናል።

እኔ ይሄ ምክር ለጉብሬ አይበጅም ባይ ነኝ። ለወልቂጤም፣ ለቡታጅራም አይበጅም። ስልኩን ጠልቼ አይደለም። ነጋዴ ያለበትን ቦታ በስልክ ላይ ቢያሳውቅ ደስ ይለኛል፤ እንዲያውም ዘገየ እላለሁ። የምቃወመው የደንበኛ አፍ በማኪያቶ መገዛቱን ነው።

ሲጀመር ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሌላው ሞክሮት የጣለው ነው ማለት ይቻላል። ፎርስኩዌር የሚባለው መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኒውዮርክ ሲነሳ ይህንኑ «እዚህ ነኝ» ማለትን ጨዋታ አድርጎት ነበር። አንድን ቤት ከሌላው ሰው ሁሉ አብልጦ የሚያዘወትር ደንበኛ የዚያ ቤት «ከንቲባ» ይባላል። ስታርባክስ በ2010 ለየቅርንጫፎቹ ከንቲባዎች ከአንድ መጠጥ ላይ አንድ ዶላር ቀንሶላቸዋል። (እኛ አገር ለከንቲባ ሂሳብ ቢቀነስለት ዜና አይሆንም።) ያ ሁሉ ጭብጨባ አልቆ፣ የፎርስኩዌር የከተማ መመሪያ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ተዘጋ። ፌስቡክም ቢሆን በ2014 የገጽ «ላይክ» በስጦታ እንዳይገዛ ከልክሏል። «ላይክ»ን ሲከለክል ግን ሰውን በሽልማት ቼክ ኢን ማስደረግን እንደ ተፈቀደ ተወው። መካሪዎቻችን የሾለኩት በዚህች ቀዳዳ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ጉብሬ እንምጣ። ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ናት። በ2004 ማስተማር የጀመረው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚህ ነው። ስሙ ወልቂጤ፣ አፈሩ ጉብሬ! ተማሪው ቼክ ኢን ሲያደርግ «ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ነኝ» ይላል፤ የምታበላው፣ ልብሱን የምታጥብለት፣ ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ የምታደርግለት ጉብሬ ግን አትጠራም። በዩኒቨርሲቲው በር ፊት ያለው ንግድ የቆመው በተማሪ ኪስ ነው። በተለይ «ነን ካፌ» በሚባለው፣ የምግቡን ገንዘብ በጥሬው ተቀብሎ ውጪ በሚበላው ተማሪ።

እስቲ አስቡት። ከዶርሙ ወጥቶ በእግሩ ቁርስ ቤት የገባ ተማሪ «እዚህ ነኝ» ብሎ ሲለጥፍ ማን ያየዋል? የዶርም ጓደኛው! እሱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ፍርፍር እየበላ ነው። ሌላው የሚያየው ባሕር ዳር ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛው ነው፤ «ተመችቶሃል» ብሎ ያልፋል እንጂ ለእንቁላል ፍርፍር ብሎ ጉብሬ አይመጣም። ቤቱን የማያውቀውና ሊያውቀው የሚገባው ሰው ሌላ ነው። ልጁን ሊያስመርቅ ከጎጃም ወይም ከጅጅጋ ተነስቶ፣ ወልቂጤ መናኸሪያ ወርዶ፣ «ጉብሬ በየት ነው?» የሚለው አባት አለ። ከሆሳዕና የሚመጣው የጭነት ሾፌር አለ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ቤተሰቡን ጭኖ አገሩ የሚገባው የመርካቶ ነጋዴ አለ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት የአንድን ወጣት ፈገግታና የማኪያቶ አረፋ አይደለም። ዛሬ ክፍት ነው? አልጋ አለ፣ ስንት ነው? ውሃ ይመጣል? የፆም ምግብ ይገኛል? ሥጋው የሙስሊም ነው የክርስቲያን? መኪና የት ይቆማል? እስቲ አንድ ቼክ ኢን አሳዩኝ፤ ከእነዚህ አንዱን የሚመልስ።

እሺ፣ ይህ ድካም ነው፣ ጉዳት የለውም እንበል። ጉዳቱ ወዲህ ነው። የጉራጌ ነጋዴ እዚህ የደረሰው በምን ነው? በጉልበቱ፣ በቁጠባው፣ በእቁቡ እንላለን። እቁብ ደግሞ የሚቆመው በቃል ነው። የመጀመሪያውን እጣ ያወጣ ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ የሚጠራለት «እሱን አውቀዋለሁ» የሚል ሰው አለ። ያ ሰው ይህን ሲል የራሱን ስም ያስይዛል። ቃሉ ዋጋ ያለው ማንም ስላልከፈለው ነው፤ ቢሳሳትም የሚከፍለው እሱ ነው። በገበያ ላይ «እዚያ ቤት ሂድ፣ አይዋሽህም» የሚለውም ቃል ከዚሁ ወገን ነው። አሁን ይህንን ቃል አምጥተን በማኪያቶ ዋጋ ስንተምነው ምን ይሆናል? ነገ ተማሪው ከልቡ «ይህ ቤት ጥሩ ነው» ቢል እንኳ ሰሚው «ስንት ቀነሱለት?» ማለቱ አይቀርም። የተከፈለበት ምስክር ያልተከፈለበትንም ይዞት ይወድቃል። ትንሽ ከተማ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ቢዋሽ ነገ ሌላ ሰው ይገባለታል፤ ጉብሬ ላይ የሚገቡት ዘንድሮም ከርሞም እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ጣጣው በሌላውም ዓለም ታውቋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ፣ ነጋዴ «ጥሩ ጥሩውን ጻፍልኝ» ብሎ ለአስተያየት ሰጪ መክፈል ወይም ስጦታ መስጠት እንዳይችል ከልክሏል። ጎግልም በካርታው ላይ ለሚጻፍ አስተያየት ቅናሽም ሆነ ነፃ ዕቃ መስጠትን አይፈቅድም። እኛም ሕግ አላነሰንም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ግማሽ ዋጋ የተቀነሰለት ልጅ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክትፎ በልቼ አላውቅም» ሲል ማስታወቂያ እየሠራ መሆኑን ለአንባቢው ካልነገረ፣ ይህን ከማሳሳት ሌላ ምን እንበለው? ልጁ ምናልባት በሕይወቱ የበላው ክትፎ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ።

የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «አንተ ደግሞ! ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የሚከፈል የሌላት ምስኪን ሴት በነፃ የምትተዋወቅበት መንገድ ቢገኝ ትቃወማለህ?» መልሱ ነፃ አይደለም ነው። የሚቀነሰው ከእሷ ሂሳብ ላይ ነው። ዘይት፣ ከሰል፣ ጤፍ በየጊዜው በሚንርበት ገበያ፣ በአንድ ሳህን በያይነቱ ላይ የምታገኘው ትርፍ ስንት ቢሆን ነው በግማሽ ዋጋ ሙገሳ የምትገዛው? በዚያ ላይ ጨዋታው አንዴ ሙገሳ መግዛት ከሆነ አሸናፊው ብዙ መግዛት የሚችለው ነው። ባለ ፎቁ ካፌ ከአዲስ አበባ ቲክቶከር አስመጥቶ፣ አልጋ ሰጥቶ፣ ከፍሎ ያስጨፍራል። እሷ በሦስት ማኪያቶ ልትወዳደረው ነው? የእሷ ማስታወቂያ ሌላ ነበር። ብር ከቤት ሲዘገይበት «ብላ፣ ሲመጣልህ ትከፍላለህ» ብላ ስሙን የጻፈችበት የዱቤ ደብተሯ ነው። ያ ተማሪ ተመርቆ ሄዶ ታናሽ ወንድሙ ጉብሬ ሲመደብ «እሷ ቤት ብላ» ይለዋል። ይህን የሚተካ መተግበሪያ አልተሠራም።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ የዋጋ ነገር። በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚነግዱ ወገኖቻችን ጫማውን፣ ቀሚሱን፣ ሶፋውን በየአቅጣጫው አንስተው ይለጥፉና ሥሩ ላይ «ለዋጋ በውስጥ መስመር» ይላሉ። ለምን? ዋጋው የትዳር ምስጢር ነው? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ሱቁ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈውን ስልኩ ላይ ሲደርስ የሚደብቅበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ የጠያቂውን ፊትና አነጋገር አይቶ መተመን ይፈልጋል። ይህንን ያደረገ ቤት ሺህ ሰው «እዚህ ነኝ» ቢልለት ምን ዋጋ አለው?

ደግሞ የሴት ልጆቻችን ጉዳይ አለ። ከቤተሰቧ ርቃ የመጣች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ «እዚህ ቤት ነኝ» ብላ ስትለጥፍ የነገረችው ለጓደኞቿ ብቻ አይደለም። የት እንደተቀመጠች፣ ከማን ጋር እንደሆነች፣ በየትኛው መንገድ እንደምትመለስ ለሚከታተላትም ነግራዋለች። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ሰው የት እንዳለ የሚያሳይ መረጃን በግል መረጃነት የሚያየው ለቁም ነገር ነው። ነጋዴው ይህንን በአንድ ስኒ ቡና ቅናሽ እንድትሰጠው ሲጠይቃት ምን እየጠየቀ እንደሆነ ቆም ብሎ ያስብ። «ከወጣሽ በኋላ ለጥፊ» የሚል ባለ ካፌ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደግሞስ ይህ ሁሉ የቆመው በማን መሬት ላይ ነው? በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገደቡ፤ አምስት ወር ያህል እንደተገደቡ ቆዩ። ቪፒኤን ያለው በጓሮ ገባ፤ የሌለው ውጭ ቀረ። ደንበኛውን በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ የሰበሰበ ነጋዴ ማለዳ ተነስቶ ሱቁ በሌላ ሰው እንደተቆለፈ ያየበት ጊዜ ነው። የደንበኞቹን ስልክ በደብተር የያዘ ግን ደወለላቸው። ከዚያ በፊትም በመጋቢት 2012 ኮሮና መጥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉና ተማሪው ወደየቤቱ ሲሸኝ፣ በተማሪ ላይ ብቻ የቆመ ከተማ ምን እንደሚሆን አይተናል። ያኔ የሚያስፈልገው በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ቤቶቹ መኖራቸውን አያውቅም።

በ1950ዎቹ ከአለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጥተዋል። ያ ትውልድ «አገራችን ውብ ናት» እያሉ የሚያሞግሱ ሰዎችን አልቀጠረም። ሰው የሚመጣበትን መንገድ ሠራ። የዛሬው መንገድ፣ በከፊልም ቢሆን፣ ስልክ ውስጥ ያለው ካርታ ነው። የጢያን ትክል ድንጋዮች ሊያይ በቡታጅራ መንገድ የሚመጣ እንግዳ፣ ከድንጋዮቹ ቀጥሎ የት ምሳ እንደሚበላ የሚፈልገው እዚያ ላይ ነው። ካርታው ላይ ቤትህ ከሌለ፣ ወይም አለቦታው ከተተከለ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በፊት የተውከው ስልክ ቁጥር ከተጻፈበት፣ እንግዳው ራቱን ሳይበላ አዲስ አበባ ይገባል።

ስለዚህ ማኪያቶውን ለሚከፍል ሽጡት። ይልቅ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ዩኒቨርሲቲው ተነጋግረው የኮምፒውተር ተማሪዎችን ለሁለት ቀን ያሰማሩ። ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ዋናው መንገድ ቤት ለቤት ይዙሩ። የቤቱን ስም ታፔላው ላይ እንዳለው ይመዝግቡ፤ ቦታውን በትክክል ካርታው ላይ ይትከሉ፤ የሚሠራ ስልክ ቁጥር፣ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የሜኑውን ዋጋ ከነቀኑ ያስገቡ። ባለቤቷ ስማርት ስልክ ባይኖራትም ይመዝገብላት። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር የሚያስተካክል አንድ ልጅ በየሰፈሩ ይመደብ፤ ለእሱ የሚከፈለው የሙገሳ ሳይሆን የሥራ ደሞዝ ነው። የምረቃው ቀን ሳይደርስ ቢጀመር ጥሩ ነው። አድራሻው ላይ ደግሞ አደራ፣ «ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ» ብላችሁ እንዳታልፉ፤ «ጉብሬ» ብላችሁ ጻፉ።