ኤችቲኤምኤልን በጠመኔ?

እስቲ ዛሬ ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልናገር፣ የሚቀየም ይቀየም።

በእኛ ቆላ፣ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ልጆችን ዌብ ገጽ መሥራት እናስተምር ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ኔት የለም እኮ!» እውነት ነው፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ምን እንደሆንን እናውቃለን። ግን ኤችቲኤምኤል ለመማር ኔት ያስፈልጋል ያለው ማነው?

ኖትፓድ ክፈት፣ ጻፍ። ስታስቀምጠው ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብ ኤችቲኤምኤል ጨምር፣ ዓይነቱን «ኦል ፋይልስ» በለው፣ አለዚያ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 አድርገው፣ ካልሆነ አማርኛህ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። ከዚያ በብሮውዘር ክፈተው። አለቀ! አንዲት ሜጋባይት አልወጣህም። መብራት ቢጠፋ እንኳ የላፕቶፕ ባትሪ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

እኛ ምን እናደርጋለን? ታጉን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እንደረድራለን፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ ከዚያ «የፒ ታግ ጥቅም ምንድን ነው?» ብለን እንፈትነዋለን። ሽንፋ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ዋና የለመደው ከደብተር ነው እንዴ? የርእሱን ታግ ሳይዘጋ ረስቶ ገጹ በሙሉ በትልልቅና ደማቅ ፊደል ሲሞላበት፣ ያኔ ነው ልጁ የሚማረው። ማንም ሳይነግረው ስህተቱን ሲፈልግ ታዩታላችሁ። የሰሊጥና የጥጥ ዋጋ በሠንጠረዥ ይሥራ! ቲአር ረድፉ፣ ቲዲ እያንዳንዱ ሳጥን። አባቱ የሚያወራውን ዋጋ ስክሪን ላይ ሲያየው አይረሳውም።

የማውቀው ትምህርት ቤት አለ፣ ስሙን አልጠራም። ኮምፒውተሮቹ «እንዳይበላሹ» ተብሎ ተቆልፎባቸዋል። ተማሪ አልነካቸውም፣ አቧራና ሙቀት ግን እየጨረሳቸው ነው።

ምክንያቱንም እናውቀዋለን። አይቲ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ የለም፣ ስለዚህ ግድ የሚለው የለም። የሚገርመው ግን ፈተናው ራሱ ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሄዶ ምን ይሁን?

ደግሞ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሰርተፍኬት ለጥፋችሁ እንኳን ደስ አለህ የምትባባሉ አላችሁ። ሥልጠናው ጥሩ ነው፣ ዌብ ፕሮግራሚንግም አለበት፣ አልቃወምም። ግን «እስቲ የሠራኸውን አንድ ገጽ አሳየኝ» ሲባል ወሬ የሚቀይር ሰው በዝቷል።

«ባለ ዲፕሎማ ሆነህ ነው እኛን የምትመክረው?» የምትሉ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ኑ፣ ኖትፓድ ከፍተን እንተያይ።

ለማንኛውም ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ልጆቹን ላስተምር ፈልጌያለሁ። የማትጠቀሙበት አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ካርዱ የተሰባበረም ቢሆን ኪቦርዱ ከሠራ ይበቃል፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ቁልፍ የያዛችሁ ርእሰ መምህራንም እንዲሁ።